ፓውደር የሌለበት ፎቶ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ በሐበሾች ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ አጭር የጤና ሥልጠና ስለወሰድሁ፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በስልክ ቡድን ላይ እናቶች የሕፃናትን የቆዳ በሽታ እንዲለዩ አስረዳ ነበር። በቅደም ተከተል ነው የምሄደው፦ አንድ ዓርብ ችፌ፣ ሌላ ዓርብ ጭርት፣ ሙቀቱ ሲብስ ደግሞ ሱዳኖች ሐሙ ኒል የሚሉት የሙቀት ሽፍታ። ያገኘኋቸው ሥዕሎች ላይ ያሉት ሕፃናት ነጮች ስለነበሩ፣ «ይቀላል» የሚለውን ትቼ መዳሰስን አስቀደምሁ። ይሻክራል? ያተኩሳል? ያዣል? በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ቅላት ቶሎ አይታይም።

የቤት ሥራው ፎቶ መላክ ነበር። የሚመጡት ሕፃናት ግን ሁሉም ያማሩ ናቸው። ሰው ፊት የሚቀርብ ልጅ ታጥቦ፣ በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ፣ ፓውደር ተነስንሶበት ነው፤ የእናቲቱ ትጋት የሚለካው በዚያ ነው።

ዶካ በምትባል ከተማ የምትኖር አንዲት አራስነቷን ገና የጨረሰች እናት፣ ልጇ አንገቱን ሲነኩት እንደሚያለቅስ ጽፋ ፎቶውን ላከች። ጥልፍ ቆብ አድርጓል፤ አንገቱ በፓውደር ነጭ ሆኗል። ከጠረፏ ከተማ ከገላባት አንዲት ነጋዴ «ሙሽራው መቼ ነው የሚገባ?» ብላ ቀለደች። ሌሎቹ ሐሙ ኒል ነው፣ ያልፋል አሉ። እኔ ፓውደሩን ጠርጋ እንደገና እንድታነሳው ጠየቅሁ። ለብቻዬ ደወለችልኝ። አማቷ ቡድኑ ውስጥ ነበሩ።

«ኡስታዛ፣» አለችኝ፣ እዚያ መምህርትን እንደሚጠሩት፤ «እንዲህ ሆኖ ካዩት ልጁን በደንብ አልያዘችውም ይሉኛል።»

«ለእኔ ብቻ ላኪው። ደጅ አውጥተሽ በብርሃን አንሺው።»

በአንገቱ እጥፋት ውስጥ መግል የቋጠረ፣ ዳር ዳሩ ማር በሚመስል ቅርፊት የተሸፈነ ቁስል ነበር። ተራ የሙቀት ሽፍታ እንዲህ አያዥም። ያተኩሰው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አዎ አለች። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ሲጨመርበት ማደር እንደሌለበት ነገርኋት።

በዚያው ቀን አውቶቡስ ይዛ መጣች። ሆስፒታሉ በር ላይ ስቀበላቸው፣ ልጁ ለመንገዱ እንደገና ፓውደር ተነስንሶበት ነበር። ነርሷ በእርጥብ ጥጥ እስክትጠርገው ድረስ እናቲቱ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆየች። ልጁ ሆስፒታሉ ውስጥ ተኝቶ መርፌ መወጋት ጀመረ።

በሚቀጥለው ዓርብ፣ ትምህርቱን ሳልጀምር ከዶካዋ እናት አንድ ፎቶ ቡድኑ ላይ ገባ። ሆስፒታል አልጋ ላይ የተነሳ፣ ቅርፊቱ መድረቅ የጀመረ አንገት፤ ዘይትም ፓውደርም የለው። ከሥሩ «ሐሙ ኒል አይደለም። እዩት» ይላል።

መጀመሪያ አማቷ በድምፅ መልእክት፣ ልጁ ጡት ይይዝ እንደሆነ ጠየቁ። የገላባቷ ነጋዴ ደግሞ የልጅ ልጇን ጀርባ ሳታጥብ፣ እንዳለ አንስታ ፎቶውን ላከች።