ባለ መቀነቱ ዓሣ

አቃሉክ ባሕሩ በረዶ በሚሠራባት በሰሜናዊቷ የኢሉሊሳት ከተማ፣ በዓሣ ጥናት ጣቢያ ዓሣ በየዝርያው መለየት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የክንፉን እሾህ ይቆጥራል፣ ጥርሱን ያያል፣ ከራስ ቅሉ ውስጥ ትንሿን የጆሮ ድንጋይ አውጥቶ ከቀለበቶቿ ዕድሜውን ያነባል። ከዚያ ስሙን በእርሳስ ጽፎ፣ ወረቀቱን ከነዓሣው አልኮል ውስጥ ይከታል። በብዕር የሚጽፍ ጀማሪ ብቻ ነው፤ ቀለሙ ሳይውል ሳያድር ይለቃል። ስለ ዓሣ ከጠየቃችሁት አፉ አይዘጋም። ስለ ሌላው ግን ከማን ጋር ያውራ? ሚስቱ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት፤ ልጅ አልወለዱም። የቀረው ወዳጅ ቲቱስ ነበር፣ እሱንም በዓሣ አጣው።

ቲቱስ በረዶ በስቶ መንጠቆ የተደረደረበት ረጅም ገመድ የሚጥል አጥማጅ ነው። ጠፍጣፋውን ዓሣ ይሸጣል፤ አብሮት የሚወጣውን እባብ መሳይ ዓሣ ለውሾቹ ይወረውራል። አቃሉክ ያንን ከውሾቹ አፍ እየነጠቀ ይወስድ ነበር። ትንንሾቹ ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ ትልልቆቹ ወጥ ቡናማ ነበሩና ሁለት ዝርያ ናቸው ብሎ መዘገበ።

ቲቱስ ከት ብሎ ሳቀ። “የምን ሁለት! ባለ መቀነቶቹኮ የእነዚያ ልጆች ናቸው። ሲያድጉ ይጠፋል።”

“አንተ የውሻ ቀለብህን ለይ፣ ዓሣውን ለእኔ ተወው” አለው አቃሉክ፣ ሰው በተሰበሰበበት።

ያ የአቃሉክ ሚስት የሞተችበት ዓመት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቲቱስ ደጁን አልረገጠም። ሱቅ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ወደ መደርደሪያው ይዞራል፣ ሌላው ኪሱን ይዳብሳል። ትንሽ ከተማ ውስጥ መኳረፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አቃሉክ አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ሥጋ የሚሠራውን ሾርባውን ብቻውን ይጠጣል፣ የራሱን ድምፅ ሳይሰማ የሚውልበትም ቀን አለ። ይናፍቀዋል። ግን ሁለት ዝርያ ከሆኑ ቢያንስ እውነቱ የእኔ ነው እያለ ይጽናናል፤ ሌላ መጽናኛ የለውም።

ዘንድሮ ጣቢያው የዓሦቹን ሥጋ ለዘር ምርመራ ላከ። የጣቢያው ኃላፊ ኒቪ መልሱን ይዛ መጣች።

“ጋሼ፣ መጣ።”

“ሁለት ናቸው አይደል?”

“አንድ ናቸው። መቀነት ያላቸው ግልገሎቹ ናቸው። አይዞዎት፣ ማንም ይሳሳታል።”

አይዞዎት ማለትስ ቀላል ነው። ካፖርቱን ሳይቆልፍ ወጣ።

ቲቱስ ደጁ ላይ ተቀምጦ የተወሳሰበ ገመድ ይፈታ ነበር። አርጅቷል።

“ልክ ነበርክ” አለው አቃሉክ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። “አንድ ናቸው።”

“ምኖቹ?”

“ዓሦቹ ናቸዋ! ባለ መቀነቶቹ! በእነሱ ሰበብ በሰው ፊት የሰደብኩህ። በዚያ አይደል እንዴ የተቀየምከኝ?”

ቲቱስ ገመዱን አስቀመጠ። “ስድብህንማ የዚያኑ ቀን ረስቼዋለሁ። የተቀየምከኝ አንተ አይደለህ? ባለቤትህ ስትቀበር አልመጣሁም። በረዶው ተሰንጥቆ ማዶ ቀርቼ፣ ስመለስ አፈር ለብሳለች። በምን ፊቴ ደጅህን ልርገጥ? ፊትህን ባዞርክ ቁጥር ይገባኛል እላለሁ።”

አቃሉክ ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረ። የሬሳ ሳጥኑን ክዳን አስታወሰ፣ የራሱን ጫማ አስታወሰ። የሰው ፊት ግን አንድም አልመጣለትም።

“አልመጣህም ነበር እንዴ?” አለ።