የተሸከመ ያስታምም

አክስቴ አረፉ። «የተሸከመ ያስታምም» ማለት ይወዱ ነበር። አባባሉ ከየት እንደመጣ እኔ ልንገራችሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በሃምሳዎቹ መግቢያ ጉንፋኑ አገር ያዳረሰ ጊዜ ከአክስቴ ጋር ሆነን ወንድሜን ከመንደራችን ከበዴሳ በቃሬዛ ሶዶ ሆስፒታል አደረስነው። ትንፋሹ ይቆራረጣል። ድሬሰሩ በር ላይ አቆመን።

«እማማ፣ አልጋ ሞልቷል። አስታማሚዎቻችንም ራሳቸው ታመው ተኝተዋል።»

«አልጋ ማን ጠየቀህ? ቃሬዛው አልጋ ነው» አሉና አክስቴ ወደ እኛ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሩ። «አስታማሚዎችህም እነዚህ ጎረምሶች ናቸው። እናንተ! እንደ ልማዳችሁ በሽተኛ አውርዶ ወደ ገበያ መሮጥ የለም!»

ድሬሰሩ ሳቀና በረንዳውን ሰጠን። ፊደል ያለ አስተማሪ የቆጠርኩ ጎበዝ ነበርኩና የመድኃኒቱን ሰዓት የምጠብቀው እኔ ሆንኩ፤ አንዱንም አላሳለፍኩም። ከኋላችን የመጣው ቃሬዛ ሁሉ «የተሸከመ ያስታምም» እየተባለ ከነተሸካሚዎቹ በረንዳው ላይ ሰፈረ። ወንድሜም ድኖ፣ ባዶውን ቃሬዛ ራሱ ተሸክሞ በዴሳ ገባ!

በቀብራቸው ዕለት ያ በረንዳ ያተረፋቸው ሰዎች ከነልጅ ልጆቻቸው ሜዳውን ሞሉት። እንደ እርሳቸው ያለ አክስት ነበረኝ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ! ቤት ስንመለስ ግን ሁላችንም ደጅ ላይ ቆመን ቀረን፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያዘን አልነበረም።