ሳሙና ላይ የቆመው ትራንስፎርመር

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ስነሳ በእጄ የያዝኩት ግማሽ ሳሙና ነበር፤ ሳሙናው ላይ ደግሞ ሰባት እግሮቹን ሰክቶ የቆመ የሬዲዮ ትራንስፎርመር። የጉዞዬ ዓላማ ጥፋቴን ማረም ነው። ጥፋቴንም አልደብቅም፦ የጎረቤቴን የጋሽ ወርቁን ሬዲዮ ልጠግን ከፍቼ፣ ደጅ ላይ የኳስ ክርክር ሲጦፍ ብድግ አልኩና የጋለ መበየጃዬን እላዩ ላይ ረሳሁት። ስመለስ ዕቃዎቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ በተለይ ትራንስፎርመሩ የቆመበት ቦታ፣ ከስሎ ጠበቀኝ። ሃያ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ ሰው! አቤት ውርደት!

ጋሽ ወርቁ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ውሏቸው ከሬዲዮዋ ጋር ነው። እሷ ሁለት ሳምንት ዝም ስትል እሳቸውም ዝም አሉ። "ተዋት ልጄ፣ እኔም እንደሷው ነኝ፤ ለምንም አልረባ" አሉኝ። አዲስ ሰሌዳ በእጄ ልሠራ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ቀጫጭኖቹ የመዳብ መስመሮች እርስ በርስ ተጨማለቁብኝ። የቀረኝ ተስፋ መገናኛ አካባቢ መሥሪያ ቤት ያላት የእህቴ ልጅ ሰናይት ናት፤ ኮምፒዩተር በሚባል ማሽን ሰሌዳ እንነድፋለን ብላኛለች፤ የመስመሮቹንም ንድፍ በወረቀት ሥዬ አስቀድሜ ልኬላታለሁ።

በዋዜማው ጋሽ ወርቁ ትራንስፎርመሩን በጣታቸው ዳሰሱና "እግሮቹን እንዴት ልትለካቸው ነው?" አሉኝ።

"ገልብጬ እያየሁ ነዋ።"

"ተው! እግር ቆሞ ነው የሚለካው። ስንት ጫማ ሠርቻለሁ። ሳሙና ላይ አቁመው።"

ደስ ይበላቸው ብዬ፣ ባለቤቴ ብርቄ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ያመጣችውን ሳሙና ገመስኩት። እግሮቹም መንገድ ላይ አይጣመሙም። ብርቄ ግን ጠዋት ስትሸኘኝ "ሳሙናዬን ሳትይዝ እንዳትመለስ፤ አንተ ብትቀር ግድ የለም" አለችኝ።

በውይይት ታክሲ

የከተማው አውቶቡስ በአሥራ አምስት ሳንቲም አጠና ተራን አልፎ መርካቶ ጣለኝ። እዚያ ትኩስ ፓስቲ በሻይ አወራረድኩና ውይይት ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። ገና በሩ ሳይዘጋ ነጠላ የለበሱ እናት ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ።

"ልጄ፣ ሳሙና የት ቀበሌ መጣ?"

"አልመጣም እማማ፤ ይሄ ለሥራ ነው።"

"ውይ፣ እንዲህ እያሉ ነው የሚደብቁን!" አለች ከጎናቸው ያለችው ወጣት። ታክሲው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። መገናኛ እስክንደርስ ሰባቱን እግር እየቆጠርኩ ለስድስት ሰው አስረዳሁ። እማማ ሲወርዱ እንኳ አላመኑኝም።

ማሽኑ ያላወቀው ዕቃ

ኮምፒዩተሩ ያለበት ክፍል በጫማ አይገባም። ጫማዬን ሳወልቅ ትልቁ ጣቴ በካልሲዬ ብቅ ብሎ ሰናይትን ሰላም አላት። ማሽኑ ሥራ ላይ የማይሆነው በምሳ ሰዓት ብቻ ስለሆነ አለቃዋ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል እንድትለማመድበት ፈቅደውላታል።

"ጋሼ፣ ሌላው መስመር በላኩልኝ ንድፍ አልቋል። ይሄን ትራንስፎርመር ግን ማሽኑ አያውቀውም" አለችኝ።

"ማሽን ማሽንን እንዴት አያውቅም?"

"የለመዳቸው ዕቃዎች ቅርጽ ተዘጋጅቶ ተቀምጦለታል። ያልለመደውን እኛ እንሥልለታለን።" ለእያንዳንዱ እግር ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ ብየዳው የሚይዝበት የመዳብ ቀለበት ያስፈልጋል፤ ቀለበቱ ፓድ ይባላል። ቀዳዳው ከጠበበ እግሩ አይገባም፤ ፓዱ ከሳሳ በሙቀት ይላጣል።

"እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ በይኛ! ዙሪያው ካልተዘመዘመ ይተረተራል።"

"ልክ እንደሱ" አለችና ትራንስፎርመሩን ከሳሙናው ነቅላ፣ ገልብጣ፣ ካሊፐር በሚባል ጥቃቅን መለኪያ ትለካ ጀመር። አምስት ቀጭን እግር፣ ሁለት ወፍራም። ለወፍራሞቹ ሰፊ ቀዳዳና ሰፊ ፓድ ሰጠቻቸው። በማሽኑ ጥቁር መስኮት ላይ አረንጓዴ ክቦች አንድ በአንድ ቁጭ ቁጭ ሲሉ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የመጨረሻዋን እኔ እንዳስቀምጥ ፈቀደችልኝ። ቁልፏን ስጫን ክቧ ቦታዋ ላይ ጉብ! ወይ ጉድ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ተፍለቀለቅኩ።

ንድፉ በወረቀት ታትሞ ሲወጣ ሰሌዳውን የሚሠሩልን የወርክሾፑ አቶ ጌታሁን በሩ ላይ ቆመዋል። "የቀረኝ አንድ ቁራጭ መዳብ ነው። ከተሳሳታችሁ ሌላ የለም" አሉ። ሰዓቱ ሰባት ከሩብ።

ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት ለጋሽ ወርቁ የምነግራቸው እንዳገኝ ብዬ ብቻ ከሳሙናው ጋር አስተያየሁት። አልገጥም አለ። የወፍራሞቹ እግሮች ቀዳዳ በሳሙናው ላይ በግራ፣ በወረቀቱ ላይ በቀኝ። ወረቀቱን አዞርኩ፣ ሳሙናውን አዞርኩ፤ እምቢ!

"ሳሙናው ተጣሞ ነዋ! እኔ በካሊፐር ነው የለካሁት" አለች ሰናይት።

ማንን ልመን? የተማረችውን ልጅ ወይስ የብርቄን ሳሙና? ያኔ ጋሽ ወርቁ ስለ እግር አለካክ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ንድፉን ገልብጬ ወረቀቱን መሬት አነጠፍኩ፣ ቀኝ እግሬን አቆምኩበትና ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ። ከዚያ እግሬን አንስቼ ውስጥ እግሬን ከሥዕሉ ጎን አሳየኋት። በሥዕሉ ትልቁ ጣት በግራ ነው፤ በተገለበጠው እግሬ በቀኝ።

"አንቺ የለካሽው ውስጥ እግሩን ነው። ሰሌዳው ግን የሚረገጠው መሬት ነው!"

ሰናይት ጭንቅላቷን ይዛ ቀረች። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ጋሼ፣ ይሄ ካልሲ ደመወዝ ይገባዋል!" ትራንስፎርመሩን ብቻ በመስኮቱ ላይ ገለበጠችው፣ መስመሮቹን አገናኘች፣ እንደገና አሳተመች። ሳሙናውን አስጠጋሁ፤ ሰባቱም ልክ በልክ! አቶ ጌታሁን ወረቀቱን ይዘው ሲወጡ ሰባት ተኩል ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ወደ ኮልፌ

አሥር ሰዓት ላይ ቀዳዳው ሁሉ የተበሳ፣ የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ እጄ ገባ። በመልሱ አውቶቡስ ቆሜ ብሄድም ድካም የሚባል አልተሰማኝም። ቤት ስደርስ ብርቄ የሆነውን ሰምታ ሰባት ቀዳዳ ያለውን ሳሙና አገላብጣ አየችውና "ይሄ እንኳን የጋሽ ወርቁ ነው፤ ወስደህ ስጣቸው" አለችኝ።

መበየጃዬን አንዴም ከእጄ ሳላስቀምጥ ዕቃዎቹን እሳቸው ቤት አዲሱ ሰሌዳ ላይ በየድኩ። ሬዲዮዋ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ዘፈን ለቀቀች። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙ። እኔም የሆነውን ሁሉ አወራኋቸው። ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ነገር እንዴት እንደሚለካ ያወቅሁት ዛሬ መሆኑን፣ ያስተማሩኝም እሳቸው መሆናቸውን ሳልፈራ ነገርኳቸው። ሳሙናውንም እጃቸው ላይ አኖርኩት። ቀዳዳዎቹን በጣታቸው አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ ሰባት ቆጠሩ።

"ቀንሳት እስቲ" አሉኝ።

"ማንን?"

"ሬዲዮዋን። የተማረችዋ ልጅ ምን አለች ነው ያልከኝ? ከመጀመሪያው ድገምልኝ።"