የጭቃ ጎማ

ባለቤቴ ያቺን አሮጌ ፒክአፕ ከመውደዱ የተነሳ የቆቦ ሰው ጣውንትሽ ይለኝ ነበር። እኔም አልቀየምም። ጣውንት ሆና እንዲህ የምታበላ የት ይገኛል እያልኩ እመልስላቸዋለሁ። ከሮቢት ማሽላ፣ ከጎብዬ ሽንኩርት፣ ከዋጃ ፍየል እየጫነች ገበያ ለገበያ ታዞረን ነበርና እውነቴን ነው።

በስልሳ አምስቱ ረሃብ ጊዜ ግን የሚጫን ጠፋ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ከነቅጠሉ ደረቀ፤ ፍየሉም አለቀ። የመኪናዋም ጎማ አብሮ አለቀ። ጥርሱ ተልጦ ሊሾ ሆኖ ነበር፤ እንደ ሕፃን ድድ ማለት ነው። አንዳንድ ቦታማ ክሩ ወጥቶ ይታይ ነበር። በዚያ ጎማ ከከተማ መውጣት ሞትን መጥራት ነው ብሎ ባለቤቴ ግቢ አቆማት።

እህቴ መልእክት የላከችብኝ ያኔ ነው። ታላቄ ናት፤ እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ። በዞብል ተራራ ግርጌ፣ ከጎሊና ወንዝ ማዶ ነበር የተዳረችው። ባሏ ለጥጥ ለቀማ ወደ አዋሽ ወርዶ አልተመለሰም፤ እሷ ከአንዲት ልጇ ጋር ቀርታለች። መልእክቱን ያመጣው ጨው የሚያመላልስ አፋር ነው። ግመሉን በር ላይ አቁሞ በሰባራ አማርኛው ነገረኝ።

«እህትሽ እግር የለም ትላለች። መኪና ይምጣ ትላለች።»

ባለቤቴ ከጓሮ ሰምቶ መጣ። «ነገ ወልድያ ሄጄ ጎማ እገዛለሁ። ሐሙስ እንመጣለን በልልኝ፤ ሐሙስን እንዳትረሳ» አለው።

«ሐሙስ» አለ አፋሩ፤ ግመሉንም ወደ መጣበት መለሰ።

ጎማው የሚገዛው በአማቴ፣ በባለቤቴ አባት፣ በሬ ነበር፤ የቀረ አንድ በሬ፣ ሳይወድቅ ይሸጥ ተብሎ የተሸጠ። ስለዚህ አማቴም አብሮን ሄደ። አማቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ከአፉ ነጥቆ ለሰው የሚያጎርስ፣ ወዳጃ ሲቀመጥ ዱዓ የሚያደርግ የተከበረ ሽማግሌ ነው። በዚያ ክረምት ወዳጃው ሁሉ ስለ ዝናብ ነበር። ሰው ተሰብስቦ፣ የተገኘችውን ጫት ይዞ፣ ሽማግሌው ሲመርቅ አሚን ይላል። ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም መጥቶ አሚን ይል ነበር፤ ዝናብ ሃይማኖት የለውምና።

ወልድያ ባለሱቁ ሦስት ዓይነት ጎማ ግድግዳ አስደግፎ አሳየን።

«ይሄ የአስፋልት ነው። ይሄ ባለ ትልቅ ጥርሱ የጭቃ። ይሄ መሀለኛው ደግሞ የሁሉም ነው፤ አስፋልቱንም፣ ድንጋዩንም፣ አሸዋውንም ይሄዳል። ጭቃ ሲበዛበት ብቻ ትንሽ ይለግማል።»

ባለቤቴ ተንበርክኮ አውራ ጣቱን በመሀለኛው ጎማ ጥርስ መካከል አስገባ። ደጋግሞ ዳሰሰው። በሬ እንደሚገዛ ሰው ነበር የሚያደርገው።

«ይሄ ነው» አለ። «እኛ የምንሻገረው አሸዋ ነው። የጭቃው ጎማ አሸዋ ላይ ይቆፍራል እንጂ አይሄድም።»

አማቴ በከዘራው የጭቃውን ጎማ ነካ። «ያኛው ጭቃ ላይ ይለግማል ነው ያለህ?»

«አዎ አባባ። ግን ጭቃ የት አለና?»

ይቺን ቃል ባልተናገራት። ሽማግሌው ከዘራውን ወደ እሱ አዞረ።

«ጭቃ የት አለ አልክ» አለ። «ትናንት ወዳጃው ላይ አሚን ሲል የነበረው ይሄው አፍህ ነው? ሰው ዝናብ እየለመነ የደረቅ ጎማ ከገዛ፣ ልመናውን ራሱ አላመነውም ማለት ነው። ገድ የሚባል ነገር አለ ልጄ። የጭቃውን ግዛ፤ የዝናብ ገድ ይሁነን።»

ወሎ ላይ ገድ ቀላል ቃል አይደለም። ማለዳ ከቤት ሲወጡ የሚገናኙት ሰው ገድ ነው፤ አራስ ቤት ቀድማ የምትገባው ሴት ገድ ናት። ጎማ ገድ ሲሆን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ምራት ብሆንም አላስቻለኝም። «አባባ፣ እህቴ ያለችው ከአሸዋው ወዲያ ነው» አልኩ።

«አብሽሪ ልጄ» አለኝ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ዝናቡ ከመጣ አሸዋውም ይጠነክራል፣ እህትሽም እሸት ትበላለች።»

«የሁሉም የተባለውስ?» አለ ባለቤቴ፣ ገና ከጎማው ሳይነሳ።

«የሁሉም የሚባል ነገር የማንም አይደለም» አለ አማቴ።

ባለሱቁ ነገሩ ሲከር አይቶ ሊያስቀን ፈለገ መሰለኝ። «ዘንድሮ ጥርስ ያለው ጎማና ጥርስ ያለው ሰው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያኝኩት የላቸውም» አለ። ማንም አልሳቀለት። የጭቃው ጎማ አውቶቡስ ላይ ተጫነ።

ረቡዕ ጎማው ተገጠመ። ሐሙስ ማለዳ ለመውጣት ስንነሳ ግቢው በሰው ተሞላ። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ ሽማግሌው የዝናብ ገድ ገዝቶ መጣ ተብሏል። ሰዉ እየመጣ የጎማውን ጥርስ ይዳስሳል፤ እጁን መልሶ ፊቱን ያብስበታል። ባለቤቴ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን እንደያዘ አማቴ በመስኮቱ በኩል እጁን ትከሻው ላይ ጫነ።

«ጁምዓ ሳይሰገድ፣ ዱዓ ሳይደረግባት አትወጣም።»

«ሐሙስ ብለናል አባባ።»

«አላህ ሐሙስንም ጁምዓንም ያውቃል።»

ባለቤቴ ሞተሩን አጠፋ። አባቱን በሕዝብ ፊት እምቢ የሚል ልጅ እዚያ አገር አልተወለደም።

ጁምዓ ከሶላት መልስ እስኪመሽ ዱዓ ተደረገ። ሴቶች በጣሳ ውሃ እያመጡ ጎማው ላይ ረጩ፤ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ሴቶች። አንዲት ጎረቤቴ፣ ነገር የማያልቅባት፣ ጆሮዬ ሥር መጥታ «ለጎማ የሚጠጣ ውሃ ካለ እኔስ ጎማ ብሆን ምናለ» አለችኝ። ያን ሳምንት የሳቅኩት ያቺን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ እኔና ባለቤቴ ወጣን። ከከተማው ዳር መንገደኛው ዛፍ ሥር ወድቋል። በዋናው ጎዳና ደግሞ እህል የጫኑ ትልልቅ መኪናዎች ወደ ደሴ ይነጉዳሉ። እህሉ ከእኛ አገር እየወጣ ነበር፤ በሚያምር የአስፋልት ጎማ፣ ኮሽ ሳይል።

ጎሊና ደርሰን አሸዋው ውስጥ ገባን። በሐምሌ ሊሻገሩት የሚያስፈራ ወንዝ ጠብታ አልነበረውም። ወንዙ መሀል ስንደርስ መኪናዋ አቃሰተች፤ ጥርሱ አሸዋውን እየቧጠጠ ወደ ኋላ መርጨት ጀመረ። ነዳጅ በሰጣት ቁጥር ጉድጓዷን ትቆፍራለች። የጎማውን ነፋስ ቀነሰ፤ በአካፋ ጠረገ፤ የግራር ቅርንጫፍ አነጠፈ። ሆዷ መሬት ነካ።

ከወንዙ ዳር ዛፎች ጥላ ሰዎች እየተነሱ መጡ። እንግፋላችሁ ብለው እጃቸውን መኪናዋ ላይ ጫኑ። እጃቸው ነካት እንጂ አልገፋትም። አንድ ሽማግሌ ትንፋሹን ሰብስቦ ባለቤቴን «እህል ነው የጫነችው?» አለው።

«ባዶ ናት አባቴ።»

«ባዶ ከሆነች ምን ከበዳት?»

ባለቤቴ አካፋውን ይዞ ቆመ። እኔ ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ተሻገርኩ።

እንግዲህ እህቴን አውቃታለሁ። መንገድ ላሳጥርላቸው ብላ ከቀጠሮው ቀን ጀምራ ከወንዙ ማዶ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ወርዳ ነበር። ከእኛ መቆሚያ ዛፉ ይታያል። ነጠላዋን ከእሾሁ ላይ ወጥራ ለልጅቷ ጥላ ሠርታላታለች፤ እሷ ግን ፀሐዩ ውስጥ ነበረች። ሰውነቷን ስነካው ደርቋል፤ ሞታለች።

ልጅቷ ከነጠላው ሥር ቀና ብላ አየችኝ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው?» አለችኝ።

መኪናዋን ልናወጣበት የያዝነው አካፋ ነው መቃብሯን የቆፈረው። እነዚያ መግፋት ያቃታቸው ሰዎች እየተቀባበሉ ቆፈሩልን፤ ዱዓውንም እነሱ አደረጉ። መኪናዋ በማግስቱ፣ ስንት ግራር ከተነጠፈላት በኋላ፣ ልጅቷን ጭና በመጣችበት ወደ ኋላ ወጣች። ማዶውን ሳትረግጥ ቀረች።

ዝናቡ በዓመቱ መጣ። የራያ ዋልካ ጭቃ ሰውን ከነጫማው የሚይዝ ነው፤ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሲወርድ ሲገፋ፣ የእኛ መኪና በትልልቅ ጥርሷ እያኘከችው ትሄድ ነበር። አማቴ ደጅ ቆሞ ሲያያት ፊቱ በራ።

«አየሽ ልጄ፣ ጎማው ቀኑን ጠበቀ» አለኝ።

«ጎማውስ ጠበቀ አባባ» አልኩት። «እህቴም ጠብቃ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ጎማ በቤታችን አልተነሳም። ሲያልቅ ባለቤቴ አንዱን ለጫማ ሠሪ ሰጠው፤ በረባሶ ተቆርጦ ለእህቴ ልጅ ሆነላት። ከተረከዙ በኩል ጥርሱ ገና አልተበላም ነበር። ተጫምታው በጭቃው ግቢ ወዲያ ወዲህ እያለች «አክስቴ፣ አያዳልጥም» አለችኝ፤ ደስ ብሏት።

በሄደችበት ሁሉ የዚያ ጎማ ዱካ ቀረ። አማቴ ከመስጊድ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አየው። ከዚያ ከዘራውን አንስቶ፣ ዱካውን ሳይረግጥ፣ በአጥሩ ጥግ ዞሮ ገባ።