ጓድ ጃርሶ ጉልበት የጨመረላት ቶዮታ

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ነገሌ መናኸሪያ ቆሜ የቶዮታዬን የነዳጅ ፔዳል ረገጥኩት። ወረደ... እግሬን ባነሳም አልመለስ አለ። ሞተሯ ብቻዋን ትጮኻለች፣ ተሳፋሪው ዕቃውን ታቅፎ ይሸሻል። ቁልፉን ነቅዬ ዝም አሰኘኋት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቶዮታዋ ወደ ክብረ መንግሥት ሰው የማመላልስባት እንጀራዬ ናት። በዚያው ሳምንት ለጓድ ጃርሶ ሰጥቼው ነበር። ጓድ ጃርሶ መካኒክ ነው፤ የቀበሌ ማኅበራቸው ሊቀመንበርም ነው፤ ስለዚህ ተሳስቶ አያውቅም። «ጉልበት እጨምርላታለሁ፣ ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣዋለች» አለኝ። ካርቡራተሯን በመሰርሰሪያ አሰፋ፣ የጭስ ማውጫዋን ቆርጦ ጣለ። በእርግጥ ጨመረች... ጩኸት።

ኮፈኑን ስከፍት ፔዳሉን የሚመልሰው ሞላ የለም። በቦታው ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ታስሯል። ሞተሩ ሲግል ጎማው ይለሰልሳል፣ ነዳጁም እንደተከፈተ ይቀራል። ይህን ቁልቁለት ላይ አስቡት።

ጓድ ጃርሶ ተጠርቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም።

«ችግሩ የሹፌሩ እግር ነው።»

«ሞላውስ የት ሄደ?»

«ሞላ ኋላቀር ነው። ፍጥነት ይይዛል።»

«እስክትመልሰው አልነዳትም» አልኩት።

ወደ ተሳፋሪው ዞረ። «ሰፊውን ሕዝብ አላጓጉዝም ማለት አሻጥር ነው። ጓዶች፣ ሰምታችኋል።»

ያኔ በዚህች ቃል ስንቱ ታስሯል። አፌ ግን አልሰማም። ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«እሰሩኝ። እስር ቤት ቁልቁለት የለውም።»

ይሄኔ አዴ ሎኮ፣ የጃርሶ እናት፣ ቅቤያቸውን ይዘው ደረሱ። በክብረ መንግሥት አድርገው ሻኪሶ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። «አካም፣ ናጋ?» ብለውኝ ጋቢና ገብተው ተደላደሉ።

የሊቀመንበሩ ፊት አመድ መሰለ። «አዮ፣ ቡኢ... ውረጂ፣ ሌላ መኪና ይመጣል።»

«ለምን? አንተ የሠራሃት አይደለችም?»

እኔም ዝም አላልኩም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እናትህም እኮ ሰፊው ሕዝብ ናቸው።»

አንገቱን ደፋ። «ፔዳሉ... ሊይዝ ይችላል» አለ።

«ጮክ በል፣ ጓዶች ይስሙ» አልኩት።

«ጎማውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። የሹፌሩ እግር ምንም የለበትም።»

አዴ ሎኮ ከጋቢናው አንገታቸውን አወጡ። «ሞላ የምትሉት ያንን ጥምዝምዝ ሽቦ ነው? የዶሮ ቤቴን በር የሚዘጋልኝን?»

ሞላው ከዶሮ ቤት መጣ። ጃርሶ በገዛ እጁ ገጠመው፤ እናቱ ጨርሶ እስኪነሳ ድረስ ከጋቢና ንቅንቅ አላሉም። የዶሮዎቹ በር ክፍት ሆኖ ቀረ፤ እኛ ግን እየጮኽን ክብረ መንግሥት በሰላም ገባን።

ከዚያ ወዲህ መካኒክ ሁሉ ስለ ሥራው ሲምልልኝ ጥያቄዬ አንድ ነው... «እናትህን ታሳፍርባታለህ?»