በካርድ የተቀመጠ አደራ

ማይክሮፎን ስፈትን ለሁሉም ሰው የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዛሬ ቁርስ ምን በሉ?» መልሱን ብዙም አልሰማውም፤ ዓይኔ የድምፁን ልክ በሚያሳየው መስመር ላይ ነው። ሰው ስለ ቁርሱ ሲያወራ ድምፁን አያሳምርም፣ ስለዚህ ልኩን ለማስተካከል ይመቻል። ባለሥልጣንም፣ ፖሊስም፣ ልጁን የቀበረ አባትም እንደዚያ ጠይቄ አውቃለሁ። አብዛኞቹ እንቁላል ይላሉ።

ጋሼ ግን «ውሃ» አሉኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። እሱም ሳይነጋ ነው። ሐሙስ አይደል? ፆመኛ ነኝ።»

ድምፃቸው በደንብ ይገባል። ሥራዬን ቀጠልኩ።

ወረርሽኙ ከገባ ሦስተኛው የበረዶ ወራት ነበር። ጋሼ አሜሪካ፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል፤ አንድ ቀን ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና ከግድግዳ ጋር አጣበቃቸውና ከወገብ በታች ሽባ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ በሚሰጠው ገንዘብና በየወሩ የምግብ መግዣ በሚሞላበት የምግብ ካርድ ነው።

ወረርሽኙ ሲመጣ የምግብ ካርዱ ላይ ጭማሪ ተደረገ። መደበኛው በወሩ መጀመሪያ አካባቢ ይገባል፣ ጭማሪው ደግሞ ዘግየት ብሎ ለብቻው ይገባል። እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ለአካባቢያችን ሰው በአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት አቀርባለሁ። በየወሩ ካርዱን የሚሞላው የመንግሥት ቢሮ ጋ እደውላለሁ፤ «ለዚህ ወር ተፈቅዷል፣ የሚቀጥለውን አናውቅም» ይሉኛል፤ እኔም ሌላ ሰው ጠይቄ ካረጋገጥኩ በኋላ ያንኑ በሬዲዮ እናገራለሁ። አሁን ግን ጭማሪው እንዲቆም ተወሰነ። ጋሼ ቤት የሄድኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ ሲቆም እንዴት ሊሆኑ ነው?

ኩሽና ውስጥ ዕቃ የምታጥብ ሴት ነበረች። እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከእሳቸው በላይ ትኖራለች፤ አንድ የእንክብካቤ ድርጅት ቀጥሯት በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ትረዳቸዋለች። እሷ ጴንጤ ናት፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ሲቀላለዱ መቼም አይደክማቸውም።

«ዕቃውን ቀስ አድርጊው እንጂ፣ እየተቀረጽን ነው» አሏት።

«ይቀረጽ። ሰው ሲሠራ የሚሰማው በዚህ ቤት እኔ ብቻ ነኝ» አለች።

ጥያቄዬን አቀረብኩ። «ጭማሪው ሲቆም ለእርስዎ ምን ይለወጣል?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«አልነካሁትማ።»

«ምኑን ነው ያልነኩት?»

«የጨመሩትን። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ። የኔ የምለው መደበኛውን ነው። ዘግይቶ የሚገባው አደራ ነው፣ እሱን አልቆጥረውም።»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ። ስንት አደጋ፣ ስንት የፍርድ ቤት ውሎ ዘግቤ፣ ድንጋጤ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ተለማምጃለሁ። ያን ጊዜም «እስቲ ያስረዱኝ» ብቻ አልኩ።

ረጋ ብለው አስረዱኝ። ከዓመታት በፊት የአካል ጉዳት ገንዘብ በስህተት በዝቶ ተከፍሏቸው፣ ስህተቱ ሲታወቅ ከወር ወር እየቆረጡ መልሰው ወስደውባቸዋል። «የበላሁትን ነገር ነው የመለስኩት። እንደሱ ያለ መከራ የለም። ስለዚህ አሁን ምን አልኩ፣ ሳልበላው ይቀመጥ፣ ሲጠይቁኝ ‹ይኸው› እላቸዋለሁ። ደሞ አንቺ ራስሽ አይደለሽ በየወሩ ‹እርግጠኛ አይደለም› የምትይው? እርግጠኛ ያልሆነ ነገር የሰው ነው።»

በሬዲዮ ያልኩት ነገር ትክክል ነበር። ዛሬም ብጠየቅ ከዚያ ሌላ የምለው አላገኝም። ግን እሳቸው ቤት ገብቶ ይህን ሲሠራ እንደከረመ መስማት፣ የራስን ድምፅ ከሰው አፍ መስማት ሆነብኝ።

አስታማሚዋ እጇ እንደረጠበ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሰኞና ሐሙስ የሚፆሙት...»

«ሱና ነው፣ ነቢዩ የፆሙት።»

«እሱንስ አውቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞስ?»

«ያለፈኝን እያካካስኩ ነበር።»

«አርብስ?»

«አንቺ ጴንጤ፣ ፆሜን ቁጠሪ ማን አለሽ?»

አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞራ ተናገረች፤ እሳቸው እንደሌሉ ያህል። «ቁስላቸውን ልታይ የምትመጣው ነርስ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። ‹ሥጋ ይበላሉ? እንቁላልስ? ወተትስ?› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ‹ሃይማኖተኛ ናቸው፣ ፆም ያበዛሉ› እላታለሁ። ፆም ነው ካሉኝ ምን ልበል? እኔም ቤተ ክርስቲያን እፆማለሁ። ገበያ ደግሞ በዊልቼራቸው ራሳቸው ናቸው የሚሄዱት፣ ካርዱን አሳይተውኝ አያውቁም።»

ነገሩን ሁሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጋሼ ብዙ ከመቀመጥና ከመተኛት የተነሳ ከወገባቸው በታች፣ በስተጀርባ፣ ቁስል ወጥቶባቸዋል። እሳቸው አይሰማቸውም፣ አያዩትምም። ቁስሉ ለወራት አልዘጋ ብሏል፤ ነርሷ እንደምትለው ሰውነታቸው የሚጠግንበት ነገር አላገኘም። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ለውጥ ካላየች ወደ አረጋውያን መጦሪያ እንዲገቡ ትጽፋለች። ያን አፓርትመንት ለማግኘት ለዓመታት ተራ ጠብቀዋል፤ አንዴ ከለቀቁት አይመለስላቸውም። መጦሪያዎቹን ደግሞ አውቃቸዋለሁ፤ በወረርሽኙ ጊዜ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ዘግቤያለሁ፣ ልጆች በመስኮት መስታወት ላይ እጃቸውን አድርገው እናታቸውን ሲሰናበቱ።

«ፍሪጁን ልየው?» አልኳቸው። የሰማሁትን ሳላይ አላምንም፣ ልማዴ ነው።

«ክፈቺው። የተሰረቀ ዕቃ የለበትም።»

ግማሽ ሽንኩርት ነበር። አንድ ድስት ምስር፣ ተምር በካርቶን፣ ሎሚ። ዘጋሁት።

ቢሮው ጋ ደውዬ ስፒከር ላይ አደረግኩት። የመጠበቂያው ሙዚቃ ረዘመ። ጋሼ «ይሄን ዘፈንማ በቃሌ ነው የማውቀው» አሉ፤ እሳቸውም ደውለው ያውቃሉ ማለት ነው። በመጨረሻ አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሠራተኛ አነሳች። የልደት ቀናቸውን ስትጠይቃቸው «ጃንዋሪ አንድ» አሉና፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «የዚህ ሕንፃ ግማሹ የተወለደው ያን ቀን ነው» አሉኝ በሹክሹክታ፤ የልደት ቀኑን ለማያውቅ ስደተኛ ወረቀቱ ላይ የሚሞላለት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እኔ አስተረጎምኩ።

ሠራተኛዋ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ የእሳቸው እንደሆነና እንዲጠቀሙበት ነገረችን።

«ነገ መልስ ትሉኛላችሁ ወይ በያት» አሉ።

«ስህተት ካልተገኘ በስተቀር አንጠይቅም» አለች።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደስ እንዳለው ሰው። «አየሽ? ሐቀኛ ልጅ ናት። ስህተት ሊገኝ ይችላል እያለችሽ ነው።»

አስታማሚዋ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እየጸለየች ይሁን እየተናደደች አላወቅሁም።

«ሌላም ጠይቂልኝ» አሉ ጋሼ። «ከአምና ጀምሮ ካርዱ ላይ ያለው እየጎደለ ነው። እኔ አልነካሁትም። እነሱ ናቸው የወሰዱት። የኔ ቢሆን ኖሮ ይወስዱት ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ከእኔ አፍ ባይሰሙት መረጥኩ። ሠራተኛዋ ለብዙ ወራት ሳይወጣ የቆየ ገንዘብ ተመላሽ እንደሚሆን አስረዳች። ጋሼ የሁለታችንንም ፊት አዩ፤ ክርክሩን ረትተዋል።

«ማን ነው የሚረከበው?» አሉ። «ይህ ሰውዬ አልበላም፣ አደራውን መለሰ ብሎ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ በያት።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። በእንግሊዝኛ እንግዳ ነገር እንደሆነ እያወቅሁ፣ ምንም አላቃናሁትም።

«ማንም የለም፣ ጌታዬ» አለች ሠራተኛዋ። «ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚመልሰው። ሰው አያየውም።» ከዚያ ያልተጠየቀችውን ጨመረች፤ «በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን ሲበሉ ነበር?»

ያንን አልተረጎምኩም። የፓርኪንግ እንግሊዝኛቸው ይበቃቸዋል። «አይ አም ኦኬ፣ ማም» አሏት፣ ድሮ ለባለመኪኖቹ ይሉ እንደነበረው ሳይሆን አይቀርም። አመስግኛት ዘጋሁ።

ያን ጊዜ ጋሼ ላይ ያየሁትን ፊት ሌላ ቦታ አይቼዋለሁ። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች መንገድ ዳር ብርድ ልብስ ለብሰው ሲቆሙ እንደዚያ ናቸው፤ ምን እንደጠፋባቸው ገና አልገባቸውም፣ ግን መጥፋቱን አውቀዋል። መቅጃዬ ክፍት ነበር። በኋላ ሳዳምጠው የማሞቂያው ድምፅና የአንድ ሰው ትንፋሽ ብቻ አለ።

«ማንም አላየውም» አሉ ጋሼ።

«አላየውም» አልኩ።

«አደራ እንኳ ሰጪ አለው። ሰጪው ይመጣል፣ ‹የታለ ዕቃዬ?› ይላል። አንተም ‹ይኸውልህ› ትላለህ። እሱም ያመሰግናል፣ ባያመሰግን እንኳ ያውቃል። ይሄስ ምን ነበር ታዲያ?»

ጥያቄው ለእኛ አልነበረም።

አስታማሚዋ ቀረብ ብላ በዝግታ «ጋሼ፣ ዛሬ ይፍቱት» አለች።

«ፀሐይ ሊገባ፣ ለመግሪብ ምን ቀረው?» አሉ። «በይ ጃኬቴን አምጪ። ሱቁ ድረስ እንሂድ።»

ነርሷ ብዙ እንዳይቀመጡ ከልክላቸዋለች፤ ሱቁ ግን ማዶ ነው። በሞተር ዊልቼራቸው ፊት ፊት ሄዱ፣ እኛ በረዶው የቀለጠበትን መንገድ እየመረጥን ተከተልናቸው። የሐላል ሥጋ ቤቱ ባለቤት ሲያያቸው እጁን ወደ ምስሩ ከረጢት ሰደደ።

«ተወው» አሉት። «ሥጋ። ለስላሳውን።»

«እንግዳ መጣብዎት እንዴ?»

«የለም። ለኔ ነው።»

ከሥጋው ሌላ እንቁላልና ወተት ወሰዱ፤ አስታማሚዋ ዓሣ ስትጨምር አዩዋት፣ አልከለከሏትም። ካርዱን ሲያስገቡ የምስጢር ቁጥሩን ተሳሳቱ፤ እንደገና ሞከሩ። ማሽኑ ተቀበለው። ሌላ ነገር ይከተላል ብለው የጠበቁ ይመስል፣ ባለሱቁ ዕቃውን በፌስታል አስገብቶ ከጨረሰ በኋላም ማሽኑን ሲያዩት ቆዩ።

ታሪካቸውን በሬዲዮ አቀረብኩት፣ ያለ ስማቸው፣ ያለ ድምፃቸው። «ጅል ነው ይሉኛል» ብለው ድምፃቸውን ከለከሉኝ። ከዝግጅቱ በኋላ ስልክ ተደወለ። የመጀመሪያዋ እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ከሴንቴኒያል ከተማ ናት፤ እናቷ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ቤታቸው ሄዳ ካርዱን ስትፈትሽ ጭማሪው እንዳለ ተቀምጧል። ሁለተኛው ሰው ስለ ወንድሙ ነገረኝ። ሦስተኛዋ ስለ ማንም አልነገረችኝም፤ «መልሱ እንደማይሉን እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ፣ የማውቀውን ነገርኳት፣ ዘጋች። ጭማሪው እንደሚቆም ስዘግብ ሰዎች ምን ያህል እንደሚጎድልባቸው ነበር ያሰላሁት። አንድም ቀን ሳይጀመርላቸው ያበቃባቸው ሰዎች ይኖራሉ ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያህል፣ መኖሩን እንኳ የማላውቀውን ነገር እፈራለሁ።

ጭማሪው በተባለው ጊዜ ቆመ። በጋሼ ካርድ ላይ ሳይመለስ የቀረው ለጥቂት ወራት ያደርሳቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አላወቅንም፤ አስታማሚዋም ስለዚያ እንዳናነሳ በዓይኗ ትከለክለን ነበር። ሥጋውን እየከተፈች ታበስልላቸዋለች፣ እሳቸው ጨው አነሰው እያሉ ይመልሱላታል፣ እሷም «ከሰማይ መና ቢወርድልዎትም በርበሬ የታለ ይሉ ነበር» ትላቸዋለች። ሰኞና ሐሙስን አልተዉም። ማክሰኞና አርብ ግን ይበላሉ።

ነርሷ ልትወስን የመጣች ቀን እኔም ነበርኩ፣ ያለ መቅጃ። ጋሼ በጎናቸው ተኝተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ነርሷ ፋሻውን አነሳች፣ ለካች፣ ያለፈውን አየች፣ እንደገና ለካች። አስታማሚዋን ጠርታ በጣቷ ጠቆመቻት። የቁስሉ ጠርዝ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ጠብቧል፤ አዲስ ሥጋ ለምለም ቀይ ሆኖ ከሥር እየሞላ ነው።

«ምን ትላለች?» አሉ ጋሼ ከግድግዳው በኩል። «መጦሪያ ነው?»

«አይደለም» አልኳቸው። «እዚሁ ይቆያሉ አለች።»

አላመኑኝም። አስታማሚዋ በስልኳ ፎቶ አንስታ ፊታቸው ላይ ያዘችላቸው። ይህን ሁሉ ወር ተሸክመውት አንድም ቀን አይተውት አያውቁም። መነጽራቸውን ጠየቁ፣ አደረጉ፣ ስልኩን በገዛ እጃቸው ይዘው አቀረቡት።

«ይሄን ያህል ነበር እንዴ?» አሉ።

«ከዚህ ይበልጥ ነበር» አለች።

ስልኩን አልመለሱላትም። ነርሷ አዲሱን ፋሻ አስራ እስክትጨርስ ድረስ ከፎቶው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።