የኢተፋ ችካሎች

ቡራዩ ውስጥ ኢተፋ ያልነካው ቧንቧ የለም። ሃያ ዓመት በሙያው ሲኖር አንድ አመል ነበረው፤ ችካል ሳይተክል፣ ሲባጎ ሳይወጥር አይቆፍርም። «መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ሽቅብ ከወጣ አየር ይቋጥራል። አየር ደግሞ ፓምፕ ያቃጥላል» ይላል። ከብት እንዳይረግጠው የችካሉን ጫፍ ቀይ ቀለም ይቀባዋል። እኛም «ኢንጂነሩ» እያልን እንቀልድበት ነበር።

የእኔ ቤት ግን ለእሱም ፈተና ሆነበት። ከመንገዱ በታች፣ ቁልቁለት ላይ የተሠራ ነው። የመስመር ውሃ በሳምንት አንዴ ብቅ ቢል ነው፤ የገዛሁት የሻወር ፓምፕ ደግሞ የማይቋረጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ይቃጠላል። ጣሪያዬ ሮቶ አይሸከምም። ስለዚህ ሮቶውን ከላይ፣ የጎረቤቴ የኦቦ ዲሪርሳ ማሳ ጥግ ላይ አስቀምጦ፣ መስመሩን ጤፍ በታጨደበት መሬታቸው በኩል ማውረድ ግድ ሆነ። ሽማግሌው «ውሃ አይከለከልም» ብለው ፈቀዱ። ለልጃቸው ለሞቱማ ግን አልነገሩትም።

ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ አገሩ ታምሷል። የአምቦ መንገድ ተዘግቶ የጎማ ጭስ እስከ እኛ ሰፈር ይሸታል። ሱቆች በር ገርበብ አድርገው ነበር የሚሸጡት።

«ጋሼ ውብአየሁ፣ ይሄን ሰሞን ባንቆፍር ጥሩ ነው» አለኝ ኢተፋ።

«አንተ ደግሞ፣ ቧንቧ ማንን ይነካል?» አልኩት። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ረፋዱ ላይ አሥራ አንደኛውን ችካል ሲመታ ሞቱማ ከብዙ ሰዎች ጋር መጣ። ችካሎቹ ገና አጥሬ ጋ አልደረሱም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ በዚያ ሰሞን ማሳ ላይ ቀይ ችካል ያየ ሁሉ መሬት ለኪ መጣ ብሎ ነበር የሚያስበው።

«ኩን ማሊ፣ ኢተፋ? ይሄ ምንድን ነው?» አለው ሞቱማ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

«የውሃ መስመር ነው።»

«የማን?»

ኢተፋ መሬት መሬቱን አየ። ሞቱማ ቀና ሲል የግቢዬ በር ላይ ቆሜ አገኘኝ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ነው?»

ከኋላው ያሉትን ሰዎች አየሁ። አንዱ መዶሻውን ከኢተፋ እጅ ተቀብሎ ይዟል።

«የእኔ አይደለም» አልኩና በሬን ዘጋሁ።

ከውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ጩኸት ብዙም አልነበረም፤ አለመኖሩ ነው የሚያስፈራው። ኦቦ ዲሪርሳ ከገበያ ደርሰው የማን መስመር እንደሆነ ተናግረው ኢተፋን እስኪያስለቅቁት ድረስ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል። በሳምንቱ ሞቱማ ሽማግሌ ይዞ፣ እርጥብ ሣር ጨብጦ ኢተፋ ቤት ሄደና እግሩ ላይ ወደቀ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ሰላምታ ግን ቀረ። ማታ ማታ የውሻ ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ዛሬ መጡ እላለሁ።

ጥር ላይ ኢተፋ ራሱ መጣ። በግራ እጁ እየሠራ መስመሩን አወረደ፣ ፓምፑን አገናኘ፣ ውሃውን ከፍቶ አየው። ዕቃውን ሲሸክፍ አላስችል አለኝ።

«ኢተፋ፣ ፈርቼ ነው» አልኩት።

«እኔም ፈርቼ ነበር ጋሼ» አለኝ። «ጣቴን ሲሰብሩትም የማን ነው እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።»